በምሽት ስልሳ ሦስት ከፋይ

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዝናብ። ሦስተኛ ቀኑ። የማማን እግር በሞቀ ውሃ አጠብኩ፣ ጥፍሯን ቆረጥኩ። ዓሣ ተወዷል፤ ጀልባዎቹ አልወጡም። ከትናንት የተረፈውን ሾርባ አሙቄ ሰጠኋት። «ጨው በዝቶበታል» አለች። ትናንትም ያው ጨው ነበር። ትናንት አልበዛባትም።

ከሰዓት ዮፒ እርጥብ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ወለል ወልውዬ ስጨርስ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ዘረጋ። አንዱ የሚዘፍንበት የመርከብ ኮንትራት። ሌላው ራሱ የሣለው ሥዕል… የአባባ የቅርንፉድ መጋዘን፣ ውስጡ መድረክ፣ ወንበር፣ መብራት። በሩ ላይ ጊታር ሥሎበታል።

«ኡሲ፣ የሙዚቃ ክበብ ልከፍት ነው።»

ታላቅ እህቱ መሆኔ ትዝ የሚለው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ ያኔ ኡሲ ይለኛል።

«በምን ገንዘብ?»

«ባንክ ያበድራል። ቤቱን እናስይዛለን።»

«የማማን ቤት?»

«የሁላችንን ቤት።»

ወረቀቶቹን ወደ እሱ ገፋሁ። እሱ ግን ቀጠለ። «አንቺ አስይው። ሃያ ሁለት ዓመት የዓሣ ማቀዝቀዣውን ሒሳብ የያዝሽ ሰው ነሽ። ያዋጣል ካልሽ እገባበታለሁ። አያዋጣም ካልሽ ሐምሌ 20 ፈርሜ እሳፈራለሁ። ከዚያ በኋላ ና ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ… «አሥራ አራት ዓመት ሰው ሲበላ ነው የዘፈንኩት፣ ኡሲ። አንድም ሰው ከሳህኑ ቀና ብሎ አላየኝም።»

«ማነው የሚሳፈረው?» ማማ ከውስጥ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጆሮዋ ግድግዳ ያልፋል።

«ማንም፣ ማማ።»

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበው። እንዲቀር እፈልጋለሁ። ለማማ ብቻ ብዬ አይደለም። ደክሞኛል። አባባን የቀበርኩት ብቻዬን ነው። ማማን የማነሳት የማስተኛት ብቻዬን። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው… ሌላ ሰው ለአንድ ሳምንት እንኳ እግሯን ቢያጥብልኝ ምን አለ?

እሁድ፣ ሰኔ 8

ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ወደቡ ዳር ያለው ሙዚቃ ቤት ቁጭ አልኩ። ለመቁጠር። ሠላሳ ስምንት ሰው ገባ። ሠላሳ አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ዘጠኝ ሳህን የተጠበሰ ሙዝ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ስድስት ዘፈን ይቆያል። በሰዓት ለካሁት።

ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙ ዘፈኑ። የሚከፈለው ዘፋኝ ጥግ ይዞ ቁጭ። ማይኩን ማን ይመልስለት? ዓሣ ሻጩ ዘፈነ፣ የትራፊክ ፖሊሱ ዘፈነ፣ የቄሱ ሚስት ሁለት ጊዜ። ሁሉም ደግሞ ጥሩ ይዘፍናሉ። ችግሩ እሱ ነው! መጥፎ ቢዘፍኑ ኖሮ ጥሩ ለመስማት ይከፍሉ ነበር።

የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት ታንታ ዶርሲን ጠየቅኋት። ሳቋ መጣ። «እዚህ አምቦን ውስጥ የሰው ዘፈን ከፍሎ የሚሰማ ማን አለ? እኔ ያተረፍኩት ድምፅ ማጉያው የተቃጠለ ቀን ነው። ያን ቀን ሰዉ ዝም ብሎ በላ።»

ለዮፒ ነገርኩት። «እሷ የምታቀርበው የሰፈር ልጅ ነው። እኔን ለመስማት ይከፍላሉ» አለ። ሊሆን ይችላል። ሲዘፍን እኔም ሥራ አቆማለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ፣ ጣሪያ፣ መብራት፣ ሁለት አስተናጋጅ። የሻዩ ትርፍ ለበረዶና ለሚሰበር ብርጭቆ ይበቃል ብዬ ተውኩት። በወር ስምንት ምሽት፣ መግቢያ ሠላሳ ሺህ ሩፒያ። ሁሉንም ደመርኩ፣ አካፈልኩ።

ስልሳ ሦስት። በእያንዳንዱ ምሽት ስልሳ ሦስት ከፋይ። ከዚያ በታች ከሆነ ባንኩ ቤቱን ይወስዳል።

ከየት ይመጣሉ? የመንደራችንን የዋይሉሲን ወጣት ቆጠርኩ፤ አይበቃም። ማዶ ሩማታላ አለ። በጀልባ ሃያ ደቂቃ፣ ወጣት የሞላበት፣ ዘፈን የሚወድ። ሩማታላን ጨመርኩ። ሆነ! ተነስቼ ሻይ አፈላሁ፣ ለራሴ ሁለት ማንኪያ ስኳር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ዝናብ። ባንክ ቤት የመጋዘኑን ሳይሆን የመኖሪያውን ካርታ ነው የፈለጉት። ማማ አታውቅም።

እሁድ፣ ሰኔ 22

ትናንት የሙከራ ዝግጅት። ገና ሳይመሽ መጋዘኑ ጢም አለ። ዘጠና ሰባት ሰው! ዮፒ ሲዘፍን ዝናቡ ራሱ ያቆመ መሰለኝ። ሰው ቀና ብሎ አየው። ፊቱን ማየት ነበር… ልጅ ሆኖ።

ገንዘቡ ግን…

በሩ ላይ ማማን ያስቀመጣት ዮፒ ነው። «ማማን ማን ያታልላል?» ብሎ። እውነት ነው፣ ማንም አላታለላትም። እሷ ናት የገደለችን።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የበርቲ፣ ኦማ።» እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ አያቴ ይላታል።

«የትኛው በርቲ? አንድ ጆሮው የሚያመው?»

«እሱ ኦማ።»

«እህ! አያትህ የእናቴ የአጎት ልጅ ናት። ግባ፣ ግባ። ከዘመድ ገንዘብ ይወሰዳል እንዴ?»

እንዲህ እያለች ሠላሳ አራት ሰው በነፃ አስገባች። እኔ የገንዘቡን ቆርቆሮ ይዤ ከጎኗ ቆሜ ላቤ ይንጠፈጠፋል።

ከዚያ ሩማታላዎች በሁለት ጀልባ መጡ። አርባ ሁለት ሰው። ማማ ድምፃቸውን ስትሰማ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ፔላዎቼ! ፔላዎቼ መጡ!» ሁሉንም አቅፋ፣ ስማ፣ አስገባች።

ሩማታላ እኮ ፔላችን ነው! አያቶቻችን ከአንድ ጽዋ ደም ጠጥተው ተማምለዋል። እነሱ መስጊድ ይሄዳሉ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ጣሪያ ግን ያለበሱት እነሱ ናቸው፣ ለመስጊዳቸው ሲሚንቶ የተሸከምነው እኛ። ፔላ ከለመነህ አትከለክለውም። ከጓሮህ ቢቆርጥ አትጠይቀውም። ቤትህ ሲገባ ዋጋ አትነግረውም። ወንድም ነው። አታገባውምም።

እንዴት ረሳሁት? እኔ፣ ከሰው ሁሉ እኔ! ወረቀቱ ላይ ወንድም ሆነው አልታዩኝም። ቁጥር ሆነው ታዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣ በኪሎ ስቆጥር…

አንዱ ግን ከፈለ። ከሁሉም በኋላ የገባው። ማማ «እለፍ ልጄ፣ ፔላ አይከፍልም» አለችው። አላለፈም። እኔ ጋ መጥቶ ሦስት ባለ አሥር ሺህ ኖት ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ሚንቼ፣ እኔን ከከፋዮቹ ጋር ቁጠሪኝ።»

ሩስታም። ፀጉሩ ሁሉ ሸብቷል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ። ስሜን ከአፉ ከሰማሁ ሠላሳ ዓመት ሆኖኛል።

ሌላ አልጽፍም ዛሬ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

ቆጠርኩ። የከፈለ ሃያ ሁለት። ዘመድ ሠላሳ አራት። ያልከፈለ ፔላ አርባ አንድ።

ሃያ ሁለትና አርባ አንድ ሲደመር ስልሳ ሦስት። ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ስልሳ ሦስት። ማን ነው የሚቀልድብኝ?

ዮፒም አየው። «ዘመዱን ተይው። ፔላዎቹ ብቻ ቢከፍሉ በቃ! ማማን ከበሩ እናንሳ።»

«ማንን እናስቀምጥ? እኔ ከፔላ አልቀበልም። አንተ ትቀበላለህ?»

አሰበ። «የጃቫውን ሰውዬ። የሥጋ ድብልብል ሻጩን። እሱ እዚህ ማንም ዘመድ የለው፣ ማንንም አያውቅ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ ዮፒ የምሩን ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

የጃቫው ሰውዬ እምቢ አለ። «እታለም፣ እኔ ነገ እዚሁ ሰፈር ድብልብል መሸጥ አለብኝ» አለኝ። አስተዋይ ሰው። ከሁላችንም እሱ ሒሳብ ያውቃል።

እሁድ፣ ሰኔ 29

ሩስታም መጣ። ጀልባው ያመጣለትን አራት ዓሣ በቅጠል ጠቅልሎ። ማማ ተኝታ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፣ በመሀላችን አንድ ባዶ ወንበር።

«ዮፒ ነገረኝ» አለ።

ዮፒን ማነቅ ነበር። «ምን አለህ?»

«አርባ አንድ ሰው እንደጎደለሽ። የእኛን ልጆች አናግራቸዋለሁ፣ ሚንቼ። ይሰሙኛል። ይከፍላሉ። አንድም ሰው አያወራውም።»

«ሽማግሌዎቻችሁስ?»

«ሽማግሌ እኮ እኔ ነኝ አሁን።» ፈገግ አለ። ጥርሱ ጎድሏል በአንድ በኩል።

«ለምን ታደርገዋለህ?»

«ወንድምሽ እንዲቀርልሽ። እንድታርፊ።» እጁን ወደ ዝናቡ ዘረጋ። «አንቺ ጋ በነፃ የሚያስገባኝን ፔላነት መቼም ወድጄው አላውቅም። የዚያን ጊዜም አላልኩሽም?»

ብሎኛል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። እንጥፋ፣ ሱራባያ እንሂድ፣ ማንም አያውቀንም ብሎኛል። አባባ ያኔ አልተቆጣኝም። ወንበር ስቦ ፊቴ ተቀመጠና «ይሄን ብታፈርሺ የሚፈርሰው የአንቺ ቤት ብቻ አይደለም፣ ሁለት መንደር ነው» አለኝ። ቀረሁ። ሩስታም የቀለም ትምህርት ቤት ጓደኛዬን አገባ። በሠርጉ ቀን እኔ ወጥ ቤት ሩዝ አማሰልኩ፤ የፔላ እህት ናት፣ ትርዳ ተብዬ።

ሲነሳ «እስከ ሐምሌ አጋማሽ ንገሪኝ» አለ። ዓሣው ላይ ቅጠሉን አስተካከለ። ሄደ።

ጨነቀኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። በአንዱ ያዋጣል። በሁለተኛው አያዋጣም። ሁለቱም ላይ ድምሩ ትክክል ነው።

ያዋጣል ካልኩ… ዮፒ ይቀራል። ማማ ልጇን አጠገቧ ይዛ ትሞታለች። እኔ እተኛለሁ። ሠላሳ ሺህ ምንድነው? ልጆቹ ለስልክ ካርድ ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ማን ይጎዳል?

ግን እኮ በሠላሳ ሺህ ሩፒያ የሚፈርስ ነገር ከነበረ እኔ ለምን በነፍሴ ጠበቅሁት? በሃያ አራት ዓመቴ ለምን አላፈረስኩትም?

ደንቡን ነው የምጠብቀው፣ ወይስ የራሴን ቁስል? እኔ ስለተቀጣሁ ዮፒም ይቀጣ ነው የምለው? አላውቅም። ፈጣሪ ይወቀው፣ እኔ አላውቅም።

እሁድ፣ ሐምሌ 6

ቤተ ክርስቲያን ዘግይተን ደረስን። ማማ ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው፤ ማየት ሳትችል። ክንዴን ያዝ አድርጋ…

«ያ ሰውዬ ያን ዕለት ከፈለ፣ አይደል?»

«የቱ ሰውዬ?»

«የወረቀት ድምፅ ሰምቻለሁ፣ ሚንቼ።»

«ከፈለ።»

«ለምን ተቀበልሽው?»

መዝሙር ጀመሩ። እሷም ጀመረች፣ ከሁሉም በላይ ድምፅ አውጥታ። እኔ አፌን ብቻ ከፈትኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ዮፒ መጋዘኑን ኖራ እየቀባ ነው። ገና ሳልነግረው። ያፏጫል። ሠርቶ ሲገባ ዛሬ የማማን እግር እሱ አጠበ፣ ሳልለምነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ። ማማ «እጅህ እንደ አባትህ ነው» አለችው።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ይሄን ነው እኮ የፈለግኩት… ይሄንን ብቻ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ወረቀቱን ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበው። ኖራው ገና ክንዱ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ዮፒ ሒሳብ እስከ መጨረሻው ሲያነብ የመጀመሪያው ነው።

«አርባ አንዱን የት አደረግሻቸው?»

«ወንድሞች ናቸው። አይቆጠሩም።»

«ሩስታም ፈቅዷል! ራሱ ነው ያለው! ሠላሳ ሺህ ሩፒያ ነው፣ ኡሲ! ሠላሳ ሺህ!»

«አውቃለሁ።»

«ወንድሞች ናቸው አልሽ።» ወረቀቱን አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው። «እኔስ?»

እስከ አሁን ድረስ መልሱን እየፈለግኩ ነው። «አንተማ…» ብዬ ጀምሬ ቀረሁ። እሱም እንድጨርስ አልጠበቀኝም። ባልዲውን መጋዘኑ ውስጥ ጥሎት ወጣ፤ ኖራው ወለሉ ላይ ደርቋል።

አርብ፣ ሐምሌ 18

አይናገረኝም። ለማማ ይዘፍንላታል። በሩን ዘግቶ።

እሁድ፣ ሐምሌ 20

ፈረመ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ዛሬ ጠዋት ሄደ። ማማ በር ድረስ ልሂድ አለች፤ ደግፌ ወሰድኳት። ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን። «ጢምህን ተላጭ፣ መርከብ ላይ አይወዱትም» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም። እሱ አነባ እንጂ እሷ አላነባችም።

እኔን አቀፈኝ። አጭር እቅፍ። የመጋዘኑን ቁልፍ እጄ ላይ ጣለ። «ሒሳብሽ ትክክል ነው» አለኝ በጆሮዬ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀልባው እስኪሰወር ቆምን። ማማ «አሁን የት ደረሰ?» ትለኛለች። «ገና ነው ማማ፣ ይታየኛል።» ከተሰወረ በኋላም ይታየኛል አልኳት።

ገደልኩት? ቤቱን አዳንኩ፣ እሱን ሰደድኩ። ትርፉ የቱ ነው? ወረቀቱ ላይ ለዚህ መስመር የለውም።

እሁድ፣ ነሐሴ 4

የማማን እግር አጠብኩ። ጥፍሯን ቆረጥኩ። በየጠዋቱ «ዮፒ ተነስቷል?» ትላለች። የመጀመሪያ ቀን ነገርኳት። አሁን «ገና ተኝቷል» እላታለሁ።

እሁድ፣ ነሐሴ 18

ትናንት ዝናቡ አባራ። ከሰዓት ሰዎች የመጋዘኑን በር ሲያንኳኩ ሰማሁ። የበርቲ ልጅ፣ የቄሱ ሚስት፣ ሌሎችም። ጊታር ይዘዋል። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ክበቡ ቀርቷል፣ ዮፒ ሄዷል አልኩ። «እሱንማ እናውቃለን። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አሉን እንጂ» አለ የበርቲ ልጅ። ከፈትኩላቸው። ምን ላድርግ? ማማ ልብስ ቀይሪልኝ አለች። ወንበሯን በሩ ላይ አወጣሁላት። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ሰማኋት ከጓዳ።

ሩማታላዎችም በጀልባ መጡ። ሙዝ ይዘው፣ ዓሣ ይዘው። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ቁጥር ማየት አስጠልቶኛል።

ሩስታም ከሁሉም በኋላ። ማማ «እለፍ ልጄ» አለችው። አሁንም አላለፈም። ኪሱ ሲገባ እጁን አየሁት፤ ቀደምኩት። ሦስቱን አሥር ሺህ ከዚህ ደብተር መሀል አውጥቼ ይዤ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ እዚህ ነበሩ፣ ሩስታም የመጣበት ገጽ ላይ።

«ፔላ አይከፍልም» አልኩት።

አየኝ። ብዙ አየኝ። ማማ ወንበሯ ላይ ናት፣ ጆሮዋ እንደሆነ እዚሁ ነው። ሌላ ነገር ብናገር ኖሮ እኔ ጋ ይቀር ነበር፤ አውቃለሁ። ውስጥ መዘመር ጀመሩ፣ አንድ ሰው ያውም ከፍ አድርጎ፣ እንደ ዮፒ የሚያደርግ።

ገንዘቡን ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ አጠፈው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉን ቆለፈበት።

«እሺ፣ ኡሲ» አለኝና ገባ።

በሦስት ዓመት ይበልጠኛል።